ስለ ትንሹ የዱር ጊንጥና ስለ ማደሪያው

ጊንጥ የሚለው ስም በተጠራ ጊዜ ለሰው አስቀድሞ የሚታሰበው መነደፍና ሕመም ነው። ይህም ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በጊንጥ መርዝ የሚሞት ሰው በዓለም ላይ አለና። ነገር ግን ጊንጥ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ሕፃንን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሞት የሚያደርስ ሲሆን፣ ሌላው ከንብ ንድፊያ የማይበልጥ ሕመም ብቻ የሚያሳምም ነው። አገር የሚያስተዳድርና መሬት የሚያሠራ ሰው ይህን ልዩነት ያላወቀ እንደ ሆነ በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል የማይገድለውን ፈርቶ ዱሩን ያስመነጥራል፤ የወደቀውን ግንድ ያስቃጥላል። በሁለተኛው በኩል የሚገድለው በቤቱ አጠገብ በድንጋይ ክምር ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ሳያስበው ይቀራል።

ስለዚህ በአውሮጳ ተራራዎች የሚኖር አንድ ትንሽ የዱር ጊንጥ ለምሳሌ ተወስዶ፣ መልኩና ጠባዩ፣ ማደሪያውና መርዙ ከዚህ በታች ይገለጣል። ከዚያም በኋላ ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ ሹማምንትና ገበሬዎች እንዴት እንደሚጠቅም ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ጊንጥ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደ ሆነ

በግዕዝ ዐቅራብ የሚባለውን ጊንጥ ብዙ ሰው ከጉንዳንና ከጥንዚዛ ጋራ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ጉንዳንም ንብም ዝንብም እግራቸው ስድስት ነው፤ የጊንጥ እግር ግን ስምንት ነው። ስለዚህ ወገኑ ከሸረሪትና ከመዥገር ጋራ ነው። ከስምንቱ እግሮቹ ፊት ለፊት ምግቡን የሚይዝባቸውና የሚሰብርባቸው ሁለት መቆንጠጫዎች አሉት። ጅራቱ በአምስት አንጓ የተከፈለ ሲሆን፣ በጫፉ መርዝ የሚጠራቀምበት ከረጢትና እንደ መርፌ የቀጠነ መንደፊያ ይገኛል። ከሆዱ በታች ደግሞ የጠጉር ማበጠሪያ የሚመስሉ ሁለት ብልቶች አሉት፤ በእነዚህም የሚሄድበትን መሬት ይዳስሳል።

ጊንጥ እጅግ ጥንታዊ ፍጥረት ነው። በድንጋይ ውስጥ ተቀርጾ የተገኘው ቅሪቱ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ሊቃውንት አረጋግጠዋል። እስከ ዛሬ ተመርምረው ስም የተሰጣቸው የጊንጥ ዓይነቶች ከ2,500 ይበልጣሉ። እነዚህ ሁሉ መርዝ አላቸው፤ መርዛቸው ግን አስቀድሞ የተሰጣቸው ትንንሽ ነፍሳትን ለማደንና ከጠላት ለመዳን ስለ ሆነ፣ ለሰው ሕይወት የሚያሰጉት ከሁሉ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

2ኛ፤ የካርፓቲያ ጊንጥ መልክና የስሙ ታሪክ

ካርፓቲያ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት በምሥራቅ አውሮጳ ይገኛል፤ ደቡባዊው ክፍሉ በሮማንያ አገር ውስጥ ነው። በዚህ ተራራ የሚኖረው ትንሽ ጊንጥ በሊቃውንት ቋንቋ ኤውስኮርፒዩስ ካርፓቲኩስ ይባላል። ርዝመቱ ከነጅራቱ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሰው አውራ ጣት የማይበልጥ ነው። ቀለሙ ቡናማ ሲሆን እግሮቹና የመንደፊያው ከረጢት ከሌላው ገላው ነጣ ይላሉ። መቆንጠጫዎቹ ከሰውነቱ ጋራ ሲመዛዘኑ ወፍራሞችና ብርቱዎች ናቸው፤ ጅራቱ ግን ቀጭንና አጭር ነው። ይህ የመቆንጠጫና የጅራት ነገር ኋላ የሚጠቅም ስለ ሆነ አንባቢው ልብ ሊለው ይገባል።

ለዚህ ጊንጥ መጀመሪያ ስም ያወጣለት ካርል ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ነው፤ ዘመኑም 1767 ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ በደቡብ አውሮጳ የተገኙ ብዙ ትንንሽ ጊንጦች መልካቸው ስለ ተመሳሰለ በዚሁ በአንዱ ስም ሲጠሩ ኖሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን ሊቃውንት በመቆንጠጫው ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳሰሻ ጠጉሮች አንድ በአንድ እየቈጠሩ፣ ዘሩንም በአዲስ ጥበብ እየመረመሩ ነገሩን እንደገና ተመለከቱት። በ2002 ቪክቶር ፌትና ማይክል ሶሌግላድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በዚያ በአንድ ስም የሚጠሩት ጊንጦች አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆናቸውን በጽሑፍ አስረዱ። እውነተኛው የካርፓቲያ ጊንጥ የሚገኘው በሮማንያ ተራራዎች ብቻ እንደ ሆነም ታወቀ።

ይህ ነገር ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ለአስተዳዳሪም ትልቅ ትምህርት አለበት። አንድ እንስሳ በብዙ አገር የሚገኝ ሲመስል፣ በአንድ ሸለቆ ቢጠፋ ማንም አያዝንለትም፤ በሌላ ስፍራ አለ ይባላልና። ሲመረመር ግን በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር ሆኖ ቢገኝ፣ የዚያ ተራራ ዱር ሲጠፋ እንስሳውም ከዓለም ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ዱር ከመመንጠሩ በፊት በውስጡ የሚኖረው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከተመነጠረ በኋላ የሚደረግ ምርመራ የጠፋውን አይመልስምና።

3ኛ፤ ስለ ማደሪያው

ትንሹ ጊንጥ ራሱ ጕድጓድ ቈፍሮ የሚኖር አይደለም። የሚያድረው በተሰነጠቀ ዐለት ውስጥ፣ በድንጋይ ሥር፣ በወደቀና በበሰበሰ ግንድ ቅርፊት ሥር፣ በጉቶ ውስጥና በአሮጌ የድንጋይ ካብ መካከል ነው። ገላው ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ጣት በማይገባበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል። ቀን ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ብቻ ይወጣል።

ማደሪያው ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያው እርጥበት ነው፤ ይህ ጊንጥ እንደ በረሃ ጊንጥ ብርቱ ድርቀትን አይችልምና። ሁለተኛው ጥላ ነው፤ ዛፉ ከተቆረጠ ፀሐይ ድንጋዩንና ግንዱን ታደርቃለች። ሦስተኛው ከበረዶ የሚያድነው ጥልቅ ስንጥቅ ነው፤ የበረዶው ወራት በመጣ ጊዜ ወደ ውስጥ ገብቶ ሳይንቀሳቀስ ይሰነብታል። የወደቀ ግንድ በዱር ውስጥ ሲበሰብስ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፤ ዝናብ ባቆመም ጊዜ በሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ይቈያል። ለሰው የማይረባ የሚመስለው የበሰበሰ እንጨት ለብዙ ጥቃቅን ፍጥረት ቤትም ጓዳም ነው ማለት ነው።

ይህ ጊንጥ ከሚታወቅባቸው ስፍራዎች አንዱ በሮማንያ ደቡብ ምዕራብ፣ ሄርኩላኔ በምትባለው የፍል ውኃ ከተማ አካባቢ ያለው ተራራማ አገር ነው። በዚያ ያለው የዶሞግሌድና የቼርና ሸለቆ ጥብቅ ስፍራ ጥንታዊ ደን በ2017 ከሌሎች የአውሮጳ ጥንታዊ ደኖች ጋራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ደኑ የተጠበቀው ስለ ጊንጡ ተብሎ አይደለም፤ ስለ ዛፎቹ ነው። ነገር ግን ዛፉ ሲጠበቅ የወደቀውም ግንድ አብሮ ተጠበቀ፤ በግንዱም ሥር የሚኖረው ሁሉ አብሮ ተረፈ።

4ኛ፤ ስለ አኗኗሩና ስለ አረባቡ

የዚህ ወገን ጊንጦች አኗኗር ከሁሉ ይልቅ በደንብ የተጠናው ከተፈጥሮ አገራቸው ውጭ በእንግሊዝ አገር ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ሺርነስ በምትባል የወደብ ከተማ፣ በመርከብ መሥሪያው አሮጌ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ፣ የካርፓቲያው ጊንጥ ዘመድ የሆነው ባለ ቢጫ ጅራቱ ትንሽ ጊንጥ ይኖራል። ከደቡብ አውሮጳ በመርከብ ጭነት እንደ መጣ ይታመናል፤ በዚያ ወደብ መኖሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤንተን የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ይህን ጊንጥ በሌሊት እየተከታተለ ጠባዩን መርምሯል።

ለዚህ ምርመራ የረዳው አንድ ድንቅ ነገር አለ። ጊንጥ በዓይን የማይታየው የሐምራዊ ብርሃን መብራት ሲበራበት ገላው በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ስለዚህ እንደዚህ ያለ መብራት የያዘ ሰው በቀን ድንጋይ ሳይገለብጥ በሌሊት ጊንጦችን ሊቈጥር ይችላል።

ከዚህ ምርመራ እንደ ታወቀው ትንሹ ጊንጥ ምግቡን እያሳደደ የሚይዝ አይደለም። በመሸ ጊዜ ወደ ስንጥቁ አፍ ብቅ ይልና መቆንጠጫዎቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። በበሰበሰ እንጨትና በድንጋይ ሥር የሚኖሩ ባለ ብዙ እግር ጥቃቅን ፍጥረት፣ ሸረሪትና ሌሎችም ነፍሳት ሲያልፉ ይይዛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በመቆንጠጫው ጨፍልቆ ይገድላል እንጂ መርዙን አያወጣም፤ መንደፊያውን የሚጠቀመው የያዘው ምግብ ብርቱ ሆኖ ሲታገለው ነው። በብዙ ሌሊቶችም ከነጭራሹ አይወጣም። ሰውነቱ ጥቂት ምግብ ብቻ ስለሚጨርስ ሳይበላ ብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል። ረኃብ ሲጠና ግን ትልቁ ታናሹን ይበላል።

ጊንጥ እንቍላል አይጥልም፤ ሕይወት ያላቸውን ልጆች ይወልዳል። እርግዝናው ረጅም ነው፤ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ወራት እስከ ዓመት የሚደርስ፣ ከዓመትም የሚያልፍ አለ። ልጆቹ እንደ ተወለዱ ነጫጭና ለስላሶች ናቸው፤ በእናታቸው ጀርባ ላይ ወጥተው ይከማቻሉ፤ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪገፉ ድረስም ከዚያ አይወርዱም። እናቲቱ በዚያ ወራት ማደሪያዋ ቢፈርስባት ልጆቿ ይበተናሉ፤ ይሞታሉም። እንደዚህ በዝግታ የሚረባ ፍጥረት አንድ ጊዜ ከአንድ ስፍራ ከጠፋ ተመልሶ ለመብዛት ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል። በዓመት ብዙ ጊዜ ከሚራባው ከአይጥና ከአንበጣ ጋራ አንድ አድርጎ መቊጠር ስሕተት ነው።

5ኛ፤ ስለ መርዙ

የካርፓቲያውም ሆነ የሺርነሱ ትንሽ ጊንጥ መርዝ ደካማ ነው። ሰውን የሚነድፈው በእጅ ሲጨመቅ ወይም በባዶ እግር ሲረገጥ ነው፤ ያን ጊዜም ሁሉ ሳይነድፍ ለመሸሽ ይሞክራል። ንድፊያው እንደ ንብ ያቃጥላል፤ ጥቂት ያሳብጣል፤ ከዚያም ይለቃል። በሺርነስ ወደብ ሠራተኞች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከሺህ የሚቈጠሩ ጊንጦች ጋራ በአንድ ግንብ አጠገብ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ወደቡም በጊንጥ ምክንያት አልተዘጋም፤ ግንቡም አልፈረሰም። ነገሩን ያወቁት ሰዎች እጃቸውን በስንጥቁ ውስጥ ሳይከቱ መሥራት በቂ መሆኑን ተረድተዋልና።

ይሁን እንጂ ይህ የተነገረው ለዚህ ወገን ብቻ ነው። ሺፖና ጎያፎን የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት በ2008 ባወጡት ግምት፣ በዓለም በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው በጊንጥ ይነደፋል፤ ከዚህም ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ የሚሆነው ይሞታል። ከሚሞቱት የሚበዙት ሕፃናት ናቸው። የሕፃን ገላ ትንሽ ስለ ሆነ፣ አዋቂን የሚያሳምመው ያው መጠን መርዝ ሕፃኑን ይገድለዋል።

6ኛ፤ የሚያሰጋውን ከማያሰጋው ስለ መለየት

ሰው ሁሉ ትልቁን ጊንጥ ይፈራል፤ ትንሹን ይንቃል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቈላዎች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ፓንዲኑስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ትልልቅ ጥቁር ጊንጦች አሉ። መቆንጠጫቸው እንደ ሸርጣን የወፈረ ስለ ሆነ ያስፈራሉ፤ ነገር ግን መርዛቸው ለጤነኛ አዋቂ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ አይደለም። በሌላ በኩል ፓራቡቱስ ከሚባለው ወገን የሆኑ፣ በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች ደረቅ ቈላ የሚገኙ ጊንጦች አሉ፤ እነዚህ ጅራታቸው ወፍራም ነው፤ ሊጠነቀቋቸውም ይገባል። በሰሜን አፍሪካ በረሃ ለሞት የሚያደርሱት ጊንጦችም ከዚሁ ከወፍራም ጅራቶቹ ነገድ የተወለዱ ናቸው።

ስለዚህ በአጠቃላይ የሚጠቅም አንድ ምልክት አለ። መቆንጠጫው ቀጭን ጅራቱም ወፍራም የሆነ ጊንጥ ኃይሉ በመርዙ ነውና ይፈራ። መቆንጠጫው ወፍራም ጅራቱም ቀጭን የሆነ ጊንጥ ኃይሉ በመቆንጠጫው ነውና ብዙ ጊዜ መርዙ ደካማ ነው። ነገር ግን ይህ ምልክት ሕግ አይደለም፤ ከምልክቱ የሚወጡ ዓይነቶችም አሉ። በኢራን አገር ሄሚስኮርፒዩስ የሚባለው ጊንጥ ከዚያ አደገኛ ነገድ ሳይሆን ሰው ይገድላል። እንግዲህ ምልክቱ የሚያገለግለው ነገሩን በማስተዋል ለመመልከት ነው እንጂ፣ የተነደፈ ሕፃን ሳይታከም እንዲቀር ምክንያት ለመስጠት አይደለም።

7ኛ፤ ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ሥራ

የዚህ ሁሉ ነገር ማሠሪያው ጊንጥን ከቤት ማራቅ፣ በዱሩ ግን መተው ነው። በቤት አጠገብና በዱር ውስጥ የሚደረገው ሥራ የተለያየ ስለ ሆነ ለየብቻው ሊታሰብ ይገባል።

በመንደርና በትምህርት ቤት አጥር ግቢ የድንጋይ ክምርና የማገዶ ክምር ከግድግዳ ርቆ እንዲቀመጥ ማድረግ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይመረግ፤ የበሩም ሥር ይደፈን። በቈላ አገር የሚኖር ሰው በመሬት ላይ ከመተኛት ይልቅ በአልጋ ወይም በመደብ ላይ ቢተኛ፣ ጫማውንና ልብሱንም ከመልበሱ በፊት ቢያራግፍ ብዙ ንድፊያ ይቀራል። ሕፃናት በሌሊት በባዶ እግራቸው እንዳይወጡ፣ እረኞችም እጃቸውን በድንጋይ ሥር እንዳይከቱ መምከር ያስፈልጋል። የካብ ድንጋይ የሚያነሣ ሠራተኛ ድንጋዩን ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ውጭ ቢገለብጥ ይሻለዋል።

ሰው በተነደፈ ጊዜ ቊስሉን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በላዩ ማድረግ፣ የተነደፈውንም ሰው ማረጋጋት ይገባል። ቊስሉን በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ እጅን ወይም እግርን በገመድ አጥብቆ ማሠር ጉዳት ያመጣል እንጂ አይጠቅምም። የተነደፈው ሕፃን እንደ ሆነ፣ ወይም ማንም ቢሆን ቢያስመልሰው፣ ላብና ለሃጭ ቢበዛበት፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ገላው ቢንቀጠቀጥ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ለዚህ ሲባል በየመንደሩ ሕመምተኛ የሚጓጓዝበት መንገድና ከብት ወይም ተሽከርካሪ አስቀድሞ ታስቦ ቢዘጋጅ፣ በጭንቀት ጊዜ የሚጠፋው ሰዓት ይተርፋል።

በዱር ውስጥ ግን ሥራው የተለየ ነው። ጊንጥ አለበት ተብሎ የዱር መሬት አይቃጠል። እሳት ጊንጡን ብቻ ለይቶ አይገድልም፤ ቅጠሉን አበስብሰው አፈር የሚያደርጉትን ትሎችና ነፍሳት፣ ገና የበቀለውን ችግኝም አብሮ ያጠፋል። ከዚያም በኋላ የክረምቱ ዝናብ የተራቆተውን አፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ከወደቁት ግንዶች ጥቂቱ ሳይነሣ በስፍራው ይቅር። ለምርመራም ሆነ ለሌላ ሥራ የተገለበጠ ድንጋይ እንደ ነበረ ተመልሶ ይቀመጥ፤ ድንጋዩ ሲነሣ የቤት ክዳን እንደ ተነሣ ያህል ነውና።

በሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትን ከብበው በቀሩት ትንንሽ ደኖች ይህ ነገር በተለይ ያስፈልጋል። በዙሪያቸው ያለው መሬት የታረሰ ስለ ሆነ፣ ከዚያ የጠፋ ትንሽ ፍጥረት ከሌላ ደን እርሻውን አቋርጦ ሊመጣ አይችልም። የሕዝቡ የማገዶ ችግር እውነተኛ ነው፤ ግንድ አታንሡ ብሎ ማዘዝ ብቻ ማታ እሳት ለምታነድ እናት መልስ አይሆናትም። ስለዚህ ከጥንታዊው ደን የወደቀው እንጨት ይቅር ሲባል፣ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ለእርሻ በማይመች መሬት ላይ አስቀድሞ መተከል አለበት። ትእዛዙ የሚጸናው ምትክ ሲኖረው ነው።

ከአውራ ጣት የማይበልጥ ይህ ጊንጥ ለሰው ሀብት የሚጨምርለት አይመስልም። ነገር ግን በአንድ ዱር ውስጥ መገኘቱ እርጥበቱ፣ ጥላውና የበሰበሰው እንጨት በስፍራው መሆናቸውን ያመለክታል፤ እነዚህም ምንጭ እንዳይደርቅና አፈር እንዳይታጠብ የሚጠብቁት ናቸው። ጊንጡ ከጠፋ ሌላው ነገር እየጠፋ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። አስተዋይ አስተዳዳሪ እንግዲህ ሕፃኑን በግቢው፣ ጊንጡንም በግንዱ ሥር በየስፍራቸው ይጠብቃል፤ አንዱን ለማዳን ሁለተኛውን ማጥፋት አያስፈልገውምና።